ከባለቤቱ ጋር የሚቀበር ሥዕል

«ነቀሰ» የሚለው ግሥ በአማርኛ ሁለት ተቃራኒ ሥራዎችን ይገልጻል። መርፌ ቆዳን ወግቶ ጥላሸት ሲያስገባ ነቀሰ ይባላል፤ በእግር ውስጥ ተሰብሮ የቀረ እሾህ በመርፌ ተፈልፍሎ ሲወጣም ነቀሰ ይባላል። ያስገባልም፣ ያወጣልም። የሂስ ሰዎች «ጉድለቱን ነቅሶ ማውጣት» እያሉ ሲናገሩ የሚዋሱት ሁለተኛውን ፍች ነው። ይሁንና ግሡን ለሙያቸው መገልገያ እስከ ማድረግ የደረሱት እነዚሁ ሰዎች በመጀመሪያው ፍች ስለሚታወቀው ጥበብ፣ ማለትም ስለ ንቅሳት፣ የጻፉት እጅግ ጥቂት ነው። ስለ ንቅሳት የሚነገረው በአመዛኙ ከሁለት ወገን የሚመጣ ነው፤ አንዱ የዘፈን ውዳሴ፣ ሌላው የጤና ማስጠንቀቂያ። ዘፈኑ የሴቲቱን አንገት ያያል፤ ማስጠንቀቂያው ቁስሏን ያያል። መስመሩን ያሰመረችውን ነቃሽ ግን ሁለቱም አያዩዋትም።

በአዊ ምድር፣ ከጥርባ እስከ እንጅባራ፣ ከአዲስ ቅዳም እስከ ዳንግላ፣ በገበያ ቀን የሚዘዋወር ሰው የዚህን ጥበብ ዕድሜ በዐይኑ ሊያነብ ይችላል። ከደጋው ብርድ የተነሣ ነጠላዋን እስከ አገጯ የተከናነበች አሮጊት እናት ዋጋ ለመከራከር ቀና ስትል፣ ከመንጋጋዋ ሥር ተነሥቶ አንገቷን የሚዞር ሰማያዊ መስመር ብቅ ይላል። ከጎኗ ድንች የምትሰፍረው ልጇ ምናልባት በግንባሯ ላይ አንዲት ትንሽ መስቀል ብቻ ይኖራት ይሆናል። ደብተሯን ይዛ የቆመችው የልጅ ልጇ አንገት ግን ባዶ ነው። በጎጃም፣ በጎንደር፣ በወሎና በትግራይ ተስፋፍቶ የኖረው ይህ ጥበብ አዊኛ ተናጋሪዋንም አማርኛ ተናጋሪዋንም በአንድ ጥላሸት ያስጌጠ ነውና፣ ድንበሩ ቋንቋ ወይም አውራጃ ሳይሆን የትውልድ ዘመን ሆኗል።

የአዊ ሕዝብ ለጥበቦቹ አደባባይ መስጠት የሚያውቅ ሕዝብ መሆኑ አይካድም። የፈረሰኞቹ ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ሲሰበሰብ የጋላቢው ቅልጥፍናና የኮርቻው ጌጥ ተመልካች አለው፤ አድናቂ አለው፤ ደካማው ከብርቱው የሚለይበት የሕዝብ ዐይን አለው። ለፈረሱ ግላስ የተሰጠው ዐይን ለእናት አንገት ያልተሰጠው ለምንድን ነው ብሎ መጠየቅ የሂስ ተግባር ነው።

የነቃሿ መሣሪያ እጅግ ጥቂት ነው። ከድስት ቂጥ ወይም ከኩራዝ ጭስ የሚፋቅ ጥላሸት፤ ጥላሸቱ የሚለወስበት የቅጠል ጭማቂ፤ አንድ መርፌ ወይም ባንድነት የታሰሩ መርፌዎች፣ ጥንት ደግሞ እሾህ። በእንጨት ጫፍ ነድፋ መስመሩን ታወጣለች። ከዚያ በኋላ ትወጋለች፣ ደሙን ታብሳለች፣ ጥላሸቱን ታሻለች፣ ደግማም ትወጋለች። ጥልቀቱ ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከዚህ ካነሰ ቀለሙ ከላይኛው ቆዳ ጋር ተላልጦ በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል፤ ከዚህ ከበዛ መስመሩ ተዝረክርኮ የቀለም ጠብታ እንደ ወደቀበት ወረቀት ይሆናል። ይህን ልክ የሚነግራት መሣሪያ የለም። ጣቷ ብቻ ያውቀዋል።

ስለ ቀለሙ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። በገሉ ላይ ያለው ጥላሸት ጥቁር ነው። ቁስሉ ደርቆ ቅርፊቱ ሲረግፍ የሚወጣው መስመር ግን ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነው። ምክንያቱም ብርሃን በቆዳ ውስጥ ሲያልፍ ሰማያዊው ወገን ይበልጥ ተበትኖ ስለሚመለስ ነው፤ ሩቅ ያለ ተራራ ሰማያዊ መስሎ የሚታይበት ምሥጢርም ከዚህ አይርቅም። እንግዲህ ነቃሿ በጥቁር እየሠራች ሰማያዊ የምታስብ ሠዓሊት ናት። በሥራዋ ሰዓት የምታየው ደምና ጥላሸት ብቻ ነው። ሥዕሉ መልኩን የሚይዘው እሷ ዋጋዋን በእህል ወይም በጥቂት ገንዘብ ተቀብላ ከሄደች በኋላ ነው።

ከዚህም የሚከብደው ሥዕሉ የሚያርፍበት ገላ መለወጡ ነው። የምትነቀሰው ልጃገረድ ናት፤ ንቅሳቱን ይዛ የምትኖረው ግን ሙሽራ፣ እናት፣ ከዚያም አሮጊት ናት። አንገት ይረዝማል፣ ይወፍራል፣ ይሸበሸባል። በብልሃተኛ ነቃሽ እጅ የተሠራ የአንገት ንቅሳት የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። መስመሮቹ የአንገትን የተፈጥሮ ቀለበት ተከትለው ስለሚሄዱ፣ ሽብሽባቱ ሲመጣ መስመሩን አያበላሸውም፤ ይልቁንም ራሱ እንደ አንድ ተጨማሪ መስመር ሆኖ ከሥዕሉ ይገባል። በመስመርና በመስመር መካከል የተተወው ባዶ ቆዳ እንዲሁ የተተወ አይደለም። ቀለም በዓመታት ውስጥ ስለሚሰፋ፣ ሲሰፋ መስመሮቹ እንዳይቀላቀሉ የተቀመጠ ስፍራ ነው። በተቃራኒው የልጅቱን የዛሬ አንገት ብቻ አይታ ጥቅጥቅ አድርጋ የሞላች ነቃሽ ሥራ፣ ባለቤቷ ስልሳ ዓመት ሲሞላት አንድ ወጥ ሰማያዊ ጥላ ሆኖ ይቀራል። ሁለቱም ዓይነት በገበያ ይታያሉ። «ንቅሳት ሁሉ ያው ነው» የሚል ሰው አላየም።

ንቅሳት የማይጠፋ ነው የሚለው የተለመደ አነጋገርም ሲመረመር ሌላ ሆኖ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2018 በፈረንሳይ አገር በማርሴይ ከተማ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በአይጥ ቆዳ ላይ አድርገው ባሳተሙት ጥናት፣ የንቅሳት ቀለም በቆዳ ውስጥ እንዲሁ ተጣብቆ የሚኖር አለመሆኑን አሳይተዋል። ባዕድ ነገርን የሚውጡ የሰውነት ተከላካይ ሕዋሳት ቀለሙን ይውጡታል፤ ዕድሜያቸው ሲያበቃም ይሞታሉ፤ የተለቀቀውን ቀለም በስፍራቸው የተተኩት አዳዲስ ሕዋሳት መልሰው ይውጡታል። መስመሩ ባለበት ያለ የሚመስለው ከሟች ወደ ተተኪ ያለማቋረጥ ስለሚተላለፍ ነው። የማይለወጥ የመሰለው ነገር የርክክብ ሰንሰለት ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ከቀለሙም ከፊሉ ከስፍራው እየሸሸ በሰውነት ውስጥ ወዳሉ ዕጢዎች ይሄዳል። ነቃሿ ይህን በማጉያ መነጽር አላየችውም። በእናቷና በአያቷ አንገት ላይ ግን ውጤቱን እያየች አድጋለች፤ በመስመሮቹ መካከል የምትተወው ባዶ ቆዳም የዚህ ዕውቀት ምስክር ነው።

ሠዓሊ ሥራው ባያምርለት ሸራውን ይቀዳል። ሸማኔ ቢሳሳት ድሩን ይፈታል። የነቃሽ ስሕተት ግን ገበያ ይወጣል፣ ሠርግ ይታደማል፣ ልቅሶ ይደርሳል። ያማረ ሥራዋም እንዲሁ ከእጇ ይወጣል፤ ልጅቱ ተድራ ወንዝ ተሻግራ ትሄዳለች፤ ነቃሿ ዳግመኛ ላታየው ትችላለች። ፊርማ የለበትም። በአንድ ስፍራ ተሰብስቦ አይታይም። ባለቤቷ ስትሞት አብሮ ይቀበራል። ለእንዲህ ያለ ሥራ መታመን፣ ማለትም ማንም በማይመሰክርበትና ከሥጋ ጋር በሚያልፍ ነገር ላይ ልክን አለማጉደል፣ የዚህ ሙያ ፍልስፍና ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ፍልስፍናው በቃል አልተነገረም። ያለው በመስመሩ ውስጥ ነው።

ለዚህ ዓይነት ጥበብ አካባቢው እንግዳ አይደለም። ጎጃም ዋሸራንና ጎንጅን የመሰሉ የቅኔ ጉባኤ ቤቶች የበቀሉበት ምድር ነው። ቅኔ ለአንድ ዕለት፣ ለአንድ ማኅሌት ይዘረፋል። ባለቅኔው ትናንት የተናገረውን ዛሬ ቢደግም ነውር ነው፤ የሌላውን ቢደግም ስርቆት ነው። እንግዲህ የጎጃም ሊቃውንት የሚያልፍን ነገር እንደሚያልፍ እያወቁ በሙሉ ኃይል መሥራትን ለዘመናት ሲያስተምሩ ኖረዋል። ልዩነቱ ባለቅኔው በስሙና በማዕረጉ መጠራቱ፣ ቅኔውም ቢያንስ ከፊሉ ተለቅሞ በመጽሐፍ መታተሙ ነው። ነቃሿ ይህ አልደረሳትም። ሴት መሆኗ፣ ሥራዋ ደም የሚነካ መሆኑ፣ ሸራዋም የሴት ገላ መሆኑ ለዚህ አስተዋጽኦ አድርገዋል። በእጅ ሥራ የሚተዳደረውን ቀጥቃጭና ፋቂ ሲንቅ የኖረ ኅብረተሰብ ለመርፌ ሠራተኛዋም ወንበር አላዘጋጀም። በደቡብ ሰላማዊ ውቅያኖስ ያሉት የሳሞአ ደሴቶች ሰዎች ግን ነቃሻቸውን በክብር ስም ይጠሩታል፤ ለሥራውም የክት ምንጣፍ ያበረክቱለታል።

የሚያልፈውን ጌጥ በተመለከተ እንሶስላንም መጥቀስ ያስፈልጋል። በእርጥበታማው ደጋ በጅረት ዳር የሚበቅለው የዚህ ተክል ሥር ተወቅጦ የልጃገረዶችን እጅና እግር ያቀላል፤ ጥቂት ሰንብቶም ይለቃል። እንሶስላ በራሱ እጅ የሚታሰር የጓደኛሞች ጨዋታ ነው፤ ቢበላሽ በሌላ ጊዜ ይታረማል። ሁለቱም ያልፋሉ፤ ነገር ግን አንዱ የሚያልፈው ከሳምንታት በኋላ ሲሆን ሌላው የሚያልፈው ከባለቤቱ ዕድሜ ጋር ነው፤ ነቃሿን ነቃሽ የሚያሰኛትም ይህ የጊዜ ልዩነት የሚጠይቀው ጥንቃቄ ነው።

እስከዚህ የተባለው ውዳሴ ብቻ ሆኖ ቢቀር ግን ሂስ አይባልም። ሸራው ሕፃን ነበረች። ብዙዎቹ የአንገትና የድድ ንቅሳቶች የተነቀሱት ባለቤቶቻቸው ፈቃዳቸውን ለመስጠትም ለመንፈግም ዕድሜያቸው ባልደረሰበት ጊዜ ነው። ዘመድ እጅና እግር ይይዛል፤ መርፌው ይቀጥላል። ለድድ ውቅራት ሲሆን ሕመሙ የከፋ ነው፤ የጥርስ ንጣት ጎልቶ እንዲታይ ድዱ ደጋግሞ ይወጋል። ይህን ሳይናገሩ ስለ መስመሩ ውበት ብቻ መናገር ከነቃሿ ጋር ቆሞ ልጅቱን መርሳት ነው።

ሕክምናውም ሌላ ጉዳይ ነው። ንቅሳት ጌጥ ብቻ ሳይሆን መድኃኒት ነው ተብሎም ይታመን ነበር፤ የአንገት ንቅሳት እንቅርትን ያጠፋል ይባል ነበር። እምነቱ የአንድ አገር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1991 በአልፕስ ተራሮች በረዶ ውስጥ የተገኘውና ከአምስት ሺህ ዓመት በፊት የሞተው ሰው 61 የንቅሳት ምልክቶች አሉበት፤ ብዙዎቹ በጀርባ፣ በጉልበትና በቁርጭምጭሚት አካባቢ ያረፉ በመሆናቸው፣ ሊቃውንት ለሕመም ማስታገሻ የተደረጉ ሳይሆኑ አይቀሩም ይላሉ። እንቅርት ግን በአመዛኙ የአዮዲን እጥረት የሚያመጣው እንጂ በመርፌ የሚፈወስ አልነበረም። መፍትሔውም ከጨው ጋር መጣ፤ የገበታ ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ የሚያስገድደው ደንብ እ.ኤ.አ. በ2011 ወጥቷል። ከዚያ በፊት ላልተቀቀለ መርፌ አንገቷን የሰጠች የእንቅርት ሕመምተኛ የደረሰባት አባባሉ እንደሚለው በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው። አንዱ መርፌ ከልጅ ወደ ልጅ ሲሻገር የጉበት በሽታን፣ ኋላም ኤች አይ ቪን ሊያሻግር እንደሚችል የታወቀ ነው። ስለሆነም እ.ኤ.አ. በ1987 የተቋቋመው ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶችን የሚመለከት ብሔራዊ ኮሚቴና ተከታዮቹ ንቅሳትን ከሚዋጓቸው ልማዶች መካከል ማስገባታቸው ተገቢ ነበር።

ተገቢ ያልሆነው ትምህርቱ በአንዳንድ ስፍራ የተሰጠበት መንገድ ነው። መርፌው ሲወገዝ አንገቱም አብሮ ተወገዘ። በክፍል ውስጥ «ኋላ ቀር» የሚለው ቃል በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲጻፍ፣ ተማሪዋ ወደ ቤቷ ሄዳ የምታየው የእናቷን አንገት ነው። ከተማ ሲገቡ አንገታቸውን በሻሽ የሚሸፍኑ፣ ሲስቁ ድዳቸውን በእጃቸው የሚከልሉ እናቶች የበሽታ ፍርሃት የያዛቸው አይደሉም፤ ቁስሉ ከድሮ ድኗል። የያዛቸው ኀፍረት ነው። ያላጠፉት ጥፋት ነው የሚያሳፍራቸው። ስለ ባህል የሚያስተምር ማንኛውም መምህር ሁለቱን ነገሮች ለይቶ የመናገር ግዴታ አለበት፤ ድርጊቱ እንዳይደገም መጠበቅ አንድ ነገር ነው፣ ሥራውን በአካላቸው ተሸክመው የኖሩትን ማክበር ሌላ።

ኀፍረቱ የት እንደሚያደርስ የሚያመለክት የሕክምና ጽሑፍም አለ። እ.ኤ.አ. በ2004 በአንድ የቆዳ ሕክምና መጽሔት ላይ የታተመው ይህ ጽሑፍ፣ ወደ እስራኤል የሄዱ ኢትዮጵያውያን አይሁዶች ከአገራቸው ይዘውት የመጡትን ንቅሳት በሌዘር ጨረር ስለ ማስጠፋታቸው የሚያወሳ ነው። ጨረሩ ጥላሸቱን ይሰባብረዋል፤ የደቀቀውን ሰውነት ራሱ ጠርጎ ያስወግደዋል። «ነቀሰ» የሚለው ግሥ እዚህ ላይ ሁለተኛ ፍቹን ይፈጽማል፤ የገባው ይወጣል። በገዛ አንገቷ ላይ የወደደችውን የማድረግ መብት የባለቤቷ ነውና በዚህ ማንም ሊፈርድባት አይገባም። ሳትጠየቅ የተነቀሰች ሴት ተጠይቃ ብታስጠፋ ፍትሕ ነው። የሚያሳዝነው መስመሩ ከመጥፋቱ በፊት በወረቀት ላይ አለመገልበጡ ነው።

መገልበጥ ይቻላልና። በኢየሩሳሌም ከተማ ቅብጣዊ የትውልድ ሐረግ ያላቸው ነቃሾች ለተሳላሚዎች መስቀልና የቅዱሳን ሥዕል ሲነቅሱ ኖረዋል። ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 19 ቁጥር 28 ንቅሳትን እንደሚከለክል እየታወቀ፣ ክርስቲያኑ ዓለም የቅድስት አገር ጉዞውን በዚሁ በተከለከለው ነገር ማተሙ የራሱ ታሪክ ያለው ነው። እነዚህ ነቃሾች ንድፋቸውን የሚያወጡት በእንጨት በተቀረጸ ማኅተም ነው፤ ማኅተሙም ከአባት ወደ ልጅ ይወረሳል። ጆን ካርስዌል የተባለ እንግሊዛዊ ምሁር ማኅተሞቹን በወረቀት ላይ እያተመ ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ1956 በመጽሐፍ አወጣቸው። የጎጃምና የአዊ ነቃሽ ማኅተም የላትም። ማኅተሟ የቀደመችው ሴት አንገት ነው፤ ንድፉን የምትማረው ከገላ፣ የምታስተላልፈውም ወደ ገላ ነው። ስለሆነም የመጨረሻዋ የተነቀሰች እናት ስትቀበር ንድፉም ያበቃል።

በአዲስ አበባ ባለፉት ዓመታት የተከፈቱት የንቅሳት ቤቶች ይህን ክፍተት ይሞሉታል የሚል ተስፋ ያላቸው ሰዎች አሉ። የሥራ ንጽሕናቸው ከተጠበቀ፣ አንድ ጊዜ ተሠርቶበት በሚጣል መርፌ ከተሠራ፣ የሚነቀሰውም ፈቃዱን የሰጠ አዋቂ ከሆነ፣ ከጤናም ሆነ ከመብት አንጻር ከቀድሞው የተሻሉ መሆናቸው አያከራክርም። እ.ኤ.አ. በ1891 በኒው ዮርክ የፈጠራ መብት የወጣለት የኤሌክትሪክ መሣሪያ የእጅን ድካም አቃልሏል። ነገር ግን አንበሳው፣ ጽጌረዳውና የግዕዝ ፊደሉ ብዙውን ጊዜ ከሥዕል መድበል ወይም ከስልክ ተገልብጠው በክንድ ላይ የሚለጠፉ ናቸው። ሥዕሉ ክንዱን አያውቀውም። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ያ ክንድ ምን እንደሚመስል የተጨነቀ ሠራተኛ ያለ እንደሆነ፣ የአሮጊቶቹን አንገት ቀርቦ ማጥናቱ ከማንኛውም መድበል የበለጠ ይጠቅመዋል።

ሥራው ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። እንጅባራ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ ናት፤ በአዲስ አበባም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መሳል የሚችሉ እጆችን በየዓመቱ ያስመርቃል። የሚያስፈልገው እርሳስ፣ ወረቀት፣ አዊኛ የሚያውቅ ሰውና ትዕግሥት ነው። ፎቶግራፍ ብቻውን አይበቃም፤ በጠቆረ ቆዳ ላይ ያረጀ ሰማያዊ መስመርን ሌንስ ብዙ ጊዜ ይስተዋል፣ ወደ ጀርባ የሚዞረውንም ይቆርጠዋል። ገልባጩ በመጀመሪያ ፈቃድ ይጠይቅ፤ ያልፈቀደችውን አመስግኖ ይለፍ። የፈቀደችውን በየትኛው ዕድሜዋ፣ የት እንደተነቀሰች፣ ወድዳ ወይስ ተገድዳ እንደ ነበረ ይጠይቅ፤ የምትለውንም ሳያሳምር ይመዝግብ። የነቃሿ ስም ከታወሰ ከንድፉ ሥር ይጻፍ። አንገት ቀና ሲል የሚራራቁት መስመሮች ሲደፋ ስለሚቀራረቡ፣ እያንዳንዱ ንቅሳት ሁለት ጊዜ ይሳል፤ አንድ ጊዜ ባለቤቷ ቀጥ ብላ ተቀምጣ፣ አንድ ጊዜ ምጣድ ላይ እንደምትሆነው ጎንበስ ብላ። ሲያበቃም አንዱ ቅጂ ለእሷው ይሰጥ፤ የአንገቷን ጀርባ በገዛ ዐይኗ አይታው አታውቅምና።